ሲዲው ደረሰ፣ ካቨሩ ተሰባበረ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሙዚቃ ሸጦ በሰላም ለገዢው ስለ ማድረስ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ካሴትና ሲዲ ስሸጥ፣ ሸክላ ሳፈላልግ የኖርኩ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሌሎቹ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለና።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ብዙ ኦሪጂናል ሲዲ አለኝ። በቴሌግራም እያስተዋወቅኩ አዲስ አበባና ሐዋሳ፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ላሉ ሰዎች እሸጣለሁ። የቸገረኝ ሲዲው ሳይሆን ካቨሩ ነው። ፎቶ አንስቼ ያሳየሁት ንጹሕ ካቨር ገዢው እጅ ሲገባ ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ ማጠፊያው ተገንጥሎ ይገኛል። ገንዘብ የመለስኩላቸው ገዢዎች አሉ። በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ካኪ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ በፕላስተር ግጥም አድርጌ ነው የምልከው። ምን ይሻለኛል?»
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር። እሳቸው በጥንቃቄ ያቆዩትን ዕቃ መንገድ እንዳያበላሸው መጨነቅህ ደግ ነገር ነው።

ከጋዜጣው ልጀምር። ጋዜጣ ዕቃን ከጭረት ያድን ይሆናል እንጂ ከስብራት አያድንም። ሲጫኑት ይተኛል፤ አንዴ ከተኛ ደግሞ አይነሳም። እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይለቅና የካቨሩን ነጭ ወረቀት ያጠቁራል። ካኪው ፖስታ ግድግዳ የለውም፤ ዕቃውን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ከላዩ የሚጫነውን ጆንያ አይመክትም። ፕላስተሩን አጥብቀህ ማሰርህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከውጭ የሚመጣው ግፊት መሐል ላይ የሚያለዝበው ሳያገኝ ቀጥታ ካቨሩ ላይ ያርፋል።

ሲዲው ራሱ ጠንካራ ነው። የተሠራበት ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ በቀላሉ አይሰበርም፣ የድሬን ሙቀትም ከነሐሩሩ ይችላል። ግልጹ ካቨር ግን ከፖሊስታይሪን ነው የሚሠራው፤ እሱ እንደ መስታወት ያበራል፣ እንደ መስታወትም ይሰበራል። ደካማ ጎኖቹ ክዳኑን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ክንዶች፣ አራቱ ማዕዘኖች፣ እና መሐል ላይ ሲዲውን ነክሰው የሚይዙት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። እኔ ከሁሉም የምፈራው ጥርሶቹን ነው። ካቨሩ ወድቆ ጥርስ ሲረግፍ ሲዲው ይፈታል፤ ስብርባሪው ውስጥ ለውስጥ እየተንከባለለ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲዲውን ሲፍቅ ይሄዳል። ገዢው ካቨሩን ከፍቶ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ሲረግፍለት «ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሸጠኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ዋጋ ያለው ሲዲ በምልክበት ጊዜ ሲዲውን ከካቨሩ አወጣዋለሁ። አወጣጡም ወግ አለው። ጥርሶቹን በአውራ ጣት ወደ ታች ጫን ማድረግና ዳሩን በሌሎቹ ጣቶች ይዞ ማንሳት ነው፤ ከዳር ይዞ እየለመጡ መጎተት አይገባም። ከዚያ ከወረቀት በተሠራው የሲዲ ፖስታ ውስጥ ይገባና ከካቨሩ ጀርባ ይቀመጣል። ባዶው ካቨር ውስጥ «ሲዲው ከጀርባ በኩል ለብቻው አለ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አደርጋለሁ፤ አለዚያ ገዢው ካቨሩን ከፍቶ ባዶ ሲያገኘው ይደነግጣል፤ ከመረጋጋቱ በፊት ስልክ ነው የሚደውልልህ። ፋብሪካ ካሸገው ወዲህ ያልተከፈተ ከሆነ ግን አትንካው፤ ዋጋው ያለው አለመከፈቱ ላይ ነው። ለእሱ ከውጭ ያለውን መከላከያ አጠንክርለት።

ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ የሚያደርገውን አንድ ነገር ልንገርህ። የሲዲን የሚያብረቀርቅ ፊት እንደ ዓይን ብሌን እየጠበቁ፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ጠረጴዛ ላይ ይጎትቱታል። ድምፁን የያዘው ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ያለው ግን ከጽሑፉ ሥር ነው፤ ከላዩ ያለው የቫርኒሽና የቀለም ልባስ ብቻ ነው። በሚያብረቀርቀው በኩል ከሽፋኑ ፊት ከ1 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ አለ። በዚያ በኩል ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ በባለሙያ ተወልውሎ ይድናል። በጽሑፉ በኩል ጥፍር ገብቶ ሽፋኑን ካነሳው ግን የሄደው ድምፅ አይመለስም። እናም ሁለት ሲዲ ያለ ወረቀት ፊትና ጀርባ አድርገህ አትደርብ። ጽሑፉ ላይ ፕላስተርም ሆነ የዋጋ ምልክት አትለጥፍ።

አሁን ወደ ማሸጉ እንሂድ። ካቨሩን መጀመሪያ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለው። ከዚያ በባብል ራፕ፣ ማለትም ቴሌቪዥንና ስልክ ተጠቅልሎ በሚመጣበት ባለ አየር ጉብጉብ ፕላስቲክ፣ ሁለት ዙር ጠቅልለው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በር ላይ የሚጣለውን ብትጠይቅ ደስ ብሏቸው ይሰጡሃል፤ አየሩ የወጣውን ግን አትውሰድ። ፕላስተሩ ፕላስቲኩን ከፕላስቲኩ ያያይዝ እንጂ ካቨሩን አይንካ። ጫፉንም አጠፍ አድርገህ ተውለት፤ ገዢው በጣቱ ይዞ ሊስበው ይገባል። በቢላ ሲከፍት የተቧጨረ ስንት ካቨር አይቻለሁ መሰለህ!

የሲዲ ካቨር 14 በ12 ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከዚያ በየጎኑ አንድ ሁለት ጣት የሚተርፍ ሁለት የካርቶን ቁራጭ ቁረጥና ከላይና ከታች አድርግለት። ካርቶኑን ስታየው በውስጡ መስመር መስመር አለው። በመስመሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በአግድሙ ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ የአንዱ ካርቶን መስመር ቁልቁል ከሆነ የሌላው አግድም ይሁን። ሁለቱ ተደጋግፈው በየትም በኩል አይታጠፉም።

ይህ ሁሉ ካርቶን ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ፖስታ ውስጥ አይደለም። ሳጥኑ በስድስቱም ጎን ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው፤ ትርፉን የምትሞላው በተጨማደደ ወረቀት ነው። ጋዜጣህ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የብስኩት ወይም የፓስታ ካርቶን ጥሩ ነው። ሳሙና፣ ዘይት ወይም ቅመም የነበረበትን ተወው፤ ወረቀት ሽታ ይይዛል፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ሲዲ ደግሞ ማንም አይወድም። ብዙ ሲዲ ከሆነ አንዱን በአንዱ ላይ አታስተኛ፤ የታችኛው የሁሉንም ሸክም ይችላል። መደርደሪያ ላይ እንዳሉ መጻሕፍት አቁማቸው፣ በመሐላቸው ካርቶን አስገባ። በጎማ ላስቲክ ግን አትሰራቸው፤ በእኛ ሙቀት ላስቲክ ይቀልጥና ይጣበቃል።

ሳጥኑን ዘግተህ ፕላስተር ከማድረግህ በፊት ጆሮህ ላይ አስጠግተህ ነቅነቅ አድርገው። አንዳች ከተንኳኳ ክፈትና ሙላ። ዕቃን የሚሰብረው ከሳጥኑ መውደቅ ይልቅ በሳጥኑ ውስጥ መንቀሳቀሱ ነው። ሳጥን ሲወድቅ ይቆማል፤ ውስጡ የተፈታ ዕቃ ግን ከዚያ በኋላ ተወርውሮ ግድግዳውን ይመታል።

ሌላም የእኛ አካባቢ ነገር አለ። ከድሬ የሚነሳ መኪና ላይ ጫት አይጠፋም፤ ጫት ደግሞ እንዳይጠወልግ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ጥቅልህ ከጫት ጆንያ አጠገብ ተቀምጦ ረዥም መንገድ ከሄደ ካርቶኑ ይርሳል፣ የራሰ ካርቶን ደግሞ ጉልበት የለውም። ወረቀቱም ውኃ ከጠጣ ካቨሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስትላቅቀው ሥዕሉ ይላጣል። ስለዚህ ባብል ራፑን ከጠቀለልክ በኋላ፣ ካርቶኖቹን ከማድረግህ በፊት፣ ቀዳዳ በሌለው ፌስታል አድርገህ አፉን እጠፈው።

ከመላክህ በፊት ገዢህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ካቨሩን ይፈልገዋል? ባዶ ካቨር አዲስ አበባም ቶሮንቶም ይገኛል፣ መጠኑ አንድ ነው፣ ይተካል። የማይተካው ሲዲውና ወረቀቱ ነው፤ የፊቱ ሥዕልና የጀርባው የዘፈን ዝርዝር። አንድ ሲዲ ከነካቨሩ ወደ 100 ግራም ይመዝናል፤ ሲዲው ብቻውን 15 ግራም ያህል ነው። ገዢው ከተስማማ ሲዲውን በወረቀት ፖስታ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ሳታጥፍ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከረጢት አድርገህ ብትልክ የፖስታ ሂሳቡ ይወርዳል፣ የሚሰበርም አይኖርም። የጀርባውን ወረቀት ለማውጣት ሲዲው የሚቀመጥበትን ውስጠኛ ፕላስቲክ ከአንድ ማዕዘን ቀስ ብለህ ማላቀቅ ነው። ያልጠየቅከውን ገዢ ግን ካቨሩን አታስቀርበት፤ ፎቶው ላይ ያየውን ነው የገዛው።

«ለተከበሩ አምደኛ። የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። በጃንሆይ ማብቂያና በደርግ መጀመሪያ የገዛኋቸው ትንንሽ ሸክላዎች አሉኝ፤ አምሃና ካይፋ የሚባሉት አሳታሚዎች ያወጧቸው ይበዙባቸዋል። ውጭ አገር ያለ ገዢ ሊወስዳቸው ተስማምቶ፣ ‹ሸክላውን ከራሱ ወረቀት አውጥተው ለብቻ ያሽጉ› አለኝ። ወረቀቱ የተሠራው ሸክላውን ሊጠብቅ አይደለም እንዴ? ግራ ገባኝ።»
ከሐረር

አባቴ፣ ገዢዎ የገባው ሰው ነው። ወረቀቱ ሸክላውን የሚጠብቀው መደርደሪያ ላይ ሲሆን ነው። መንገድ ላይ ሸክላው ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ጥቅሉ በጎኑ ሲወድቅ ሸክላው በውስጡ ይንሸራተትና ስለታም ዳሩ የወረቀቱን ስፌት ይሰነጥቀዋል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ ሥራ ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ፤ የዚያን ዘመን ወረቀት ዛሬ ጣት ሲነካው ይሰባበራል። ሸክላ ለካሴት ቦታውን ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚያትምልዎ የለም። ሰብሳቢ ከነወረቀቱ ለሆነ ሸክላ ጨምሮ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ሸክላውን ወደ አዲስ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከረጢት ያዛውሩት። የድሮውን ወረቀት ባዶውን ከጀርባው ያድርጉት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጓዛሉ፣ አንዱ ሌላውን አይጎዳም። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ከረጢት ግን አይጠቀሙ፤ በሙቀት ጊዜ ሸክላው ላይ ይጣበቅና አስጨናቂ ጭጋግ ይተዋል፣ ያንን ደግሞ የሚያስለቅቅ ነገር የለም። ባብል ራፕም ሸክላውን ባዶውን አይንካው፤ ጉብጉቡ በሙቀት ነጠብጣብ ያትምበታል።

የትንንሾቹ ሸክላዎች ስፋት 17 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት የሆኑ ሁለት ካርቶኖች ቆርጠው፣ ከላይ ለልጁ እንዳልኩት መስመራቸውን አቆላልፈው፣ ሸክላውን መሐል ላይ ያድርጉ። የካርቶኖቹን አራት ጎን በፕላስተር ይያዙ፤ ሸክላው ወደ ዳር እንዳይንሸራተት ነው። ብዙ ቢሆኑም በአንድ ጥቅል ከአምስት ስድስት አይበልጡ።

የእርስዎ ዋና ጠላት ግን ሙቀት ነው። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ነፋሻ ናት፤ ቤትዎ ውስጥ ሸክላው ምንም አይሆንም። መኪናው የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ በግንቦትና በሰኔ እዚህ ቀን ላይ 35 ዲግሪ የተለመደ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ የሸክላው ፕላስቲክ መለዘብ የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። ከላዩ የሚጫነው ነገር ካለ ከዚያም በፊት ይጣመማል። የተጣመመ ሸክላ ላይ መርፌው ይዘላል፤ ቢያቃኑትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ወደ ድሬ የሚያመጣልዎ ሰው ካለ በጠዋት ያምጣው፣ መኪና ውስጥም አይተወው። ከምሳ በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው በሚያርፍበት ሰዓት ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ሸክላ ተስፋ የለውም።

አንድ ልመና አለኝ። ከሸክላዎቹ መካከል ወፈር ከበድ ያሉ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ትልልቅ የጥንት ሸክላዎች ካሉ ከእነዚህ ጋር አይደባልቋቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ላይ ካስቀረጹት ወገን ናቸው፤ የተሠሩት ሼላክ ከሚባል ነገር ስለሆነ ሳይታጠፉ ነው የሚሰበሩት። እነሱን በአውቶቡስም በፖስታም ባይልኳቸው እመርጣለሁ። ገዢው ራሱ መጥቶ ወይም የሚያምነው ሰው በእጁ ይዞ ይውሰዳቸው። ከመሄዳቸውም በፊት አንድ ሰው ድምፃቸውን ይቅረጽልዎ።

«እትዬ፣ የሠርጌን ዲቪዲ ጅዳ ላለች እህቴ ልልክላት ነው። በደብዳቤ ፖስታ ብቻ ብልከው ይደርሳል?»
ከገንደ ቆሬ

እህቴ፣ መድረሱን ይደርሳል፣ ተሰንጥቆ። ዲቪዲ ከሁለት ስስ ገጾች ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ምስሉም ያለው በመሐላቸው ነው። ሲታጠፍ ሙጫው ከመሐሉ ቀዳዳ ይላቀቃል። በጥቁሩ የዲቪዲ ካቨር አድርጊው፤ እሱ ከሚለመጥ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ሲዲው ካቨር ቶሎ አይሰበርም። ከዚያ ካርቶን። በስክሪብቶ አትጻፊበት፣ ጫፉ ይወጋዋል፤ ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር ጻፊ። የሠርግ ዲቪዲ የሚቀዳው በቀለም ላይ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ፀሐይ አይወድም። ከሁሉ በፊት ግን ለራስሽ ሌላ ቅጂ አስቀሪ፤ አንድ ብቻ ያለሽን መንገድ ላይ አታውጪው።

«ለአዲስ አበባ ገዢ በአውቶቡስ ይሻላል በፖስታ ቤት? ውጭ አገር ሲሆንስ? ‹ተሰባሪ› ብዬ ብጽፍበትስ ይረዳል?»
ከለገሃሬ

አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ በቀኑ ይገባል። ፍጥነቱን አልክድም። ግን ዕቃውን ለረዳቱ በእጁ አትስጠው። ቲኬት ቢሮው ገብተህ በደረሰኝ አስመዝግብ፣ የአንተንና የተቀባዩን ስልክ ሳጥኑ ላይ ጻፍ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ለገዢህ ላክለት። ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከታችኛው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ከሞተሩም ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ለምን። አንድ ጊዜ የላክኋቸው ሸክላዎች ሞተሩ አጠገብ ውለው ተጣመው ደርሰዋል፤ ደረሰኝ በእጄ ስለነበር ነው ተነጋግረን የተግባባነው። አውቶቡሶቹ የሚነሱት ሳይነጋ ስለሆነ ዕቃውን ከተማው ሳይሞቅ ማስረከብህ በራሱ ጥቅም ነው።

ተቀባዩ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ካለውና ካልቸኮለ ግን እኔ ፖስታ ቤትን እመርጣለሁ። በአደራ ላከው፤ ቁጥር ይሰጥሃል፣ በዚያ ቁጥር ትከታተለዋለህ።

ለውጭ አገር በአደራ የሚላክ ትንሽ ጥቅል እስከ 2 ኪሎ ነው። ከነካቨራቸው አሥር ሲዲ ገና ሳይታሸጉ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋሉ፤ የካርቶኑን ክብደት ጨምረህ ቤትህ መዝን። የጉምሩክ ቅጽ ትሞላለህ። ዋጋው አነስ ላለ አጭሩ ሲኤን 22፣ ከፍ ላለ ረዥሙ ሲኤን 23 ነው። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለሆነች ቅጹ የትም አገር አንድ ነው። «ስጦታ» ብለህ አትጻፍ፤ የሸጥከውን «ያገለገለ የሙዚቃ ሲዲ» ብለህ ከብዛቱና ከእውነተኛ ዋጋው ጋር ጻፍ። ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጽፈህ ዕቃው ቢጠፋ የምትጠይቀው ካሳም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ሳጥኑን ፖስታ ቤት ከመድረስህ በፊት አትለጥፈው፣ ውስጡን እንድታሳይ ልትጠየቅ ትችላለህ፤ ፕላስተርህን ይዘህ ሂድና እዚያው ዝጋው። አድራሻውን በላቲን ፊደል በጉልህ ጻፍ፣ ሌላ ቅጂም ውስጥ አስገባ። የውጭው ቢላጥ የከፈተው ሰው ባለቤቱን ያገኘዋል።

«ተሰባሪ» ብለህ ጻፍ፣ አይከፋም። ስታሽግ ግን ጽሑፉን ማንም እንደማያነበው አድርገህ አሽግ።

«እትዬ፣ ከሲዲ ላይ ቀድቼ ካቨሩንም በፕሪንተር አትሜ ብሸጥ ሰው ይገዛኛል። የዓሊ ቢራን የሚፈልግ በጣም ብዙ ነው። አስተሻሸጉን ንገሪኝ።»
ስሙን ያልጻፈ

የዚህን አስተሻሸግ አልነግርህም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክለዋል። አዋጁ ባይኖርም መልሴ ያው ነበር። ዓሊ ቢራ የዚህችው የድሬ ልጅ ነው፤ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ሥራዎቹን የሚጠይቁኝ እንደበዙ እኔም አያለሁ። የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚፈልጉት እሱ በሕይወት ሳለ የታተመውን፣ ወረቀቱ ላይ የሙዚቀኞቹ ስም ያለበትን ነው። አቦ፣ ጉልበትህን ኦሪጂናሉን በማፈላለግ ላይ አውለው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ የረሳው ብዙ አለ፤ በተገቢ ዋጋ ገዝተህ፣ አጽድተህ፣ ከላይ እንደጻፍኩት አሽገህ ብትልክ ገበያውም አያጣህም።

«የገዛሁት ሲዲ ካቨሩ ተሰባብሮ ደረሰኝ። ሲዲው ይጫወታል፣ ግን አንድ ዘፈን ላይ ይዘላል። ልመልሰው ወይስ ይድናል?»
ከጅግጅጋ

ከመመለስህ በፊት ሳጥኑን፣ ማሸጊያውንና ስብርባሪውን ፎቶ አንሳና ለሻጩ ላክለት፤ ማሸጊያውን አትጣል። ሻጩ ጨዋ ከሆነ ከፎቶው ብቻ ነገሩ ይገባዋል፣ ካቨር ይተካልሃል ወይም ከዋጋው ይቀንስልሃል። ከዚያ ሲዲውን ወደ መብራት አንሳና በጽሑፉ በኩል አሻግረህ ተመልከት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከታየህ ሽፋኑ ተነስቷል፣ አይድንም፤ መልሰው። ካልታየህ የዘለለው በካቨሩ ፍርፋሪ ወይም በአቧራ ሊሆን ይችላል። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሐሉ ቀዳዳ ወደ ዳር ቀጥ ቀጥ እያደረግህ ጥረገው። እያዞርክ አትጥረግ፤ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድን ጭረት ማጫወቻው ዘሎት ያልፋል፣ ዙሪያውን የሚሄደውን ግን አይችለውም። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። አሁንም እዚያው ዘፈን ላይ ከዘለለ በሌላ ማጫወቻ ሞክረው፤ በሁለቱም ከዘለለ ገንዘብህን ጠይቅ።